ኮምፒውተርና ፕሪንተር በዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት፤ የአማርኛ ሰነዶች አያያዝና አገልግሎት

በአሁኑ ወቅት በዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት የሚሰጠው አገልግሎት በአብዛኛው በኮምፒውተር የተደገፈ ነው። ኮምፒውተሩ ቀደም ሲል በመሳቢያ በተደረደሩ የካታሎግ ካርዶች ይካሄድ የነበረውን ፍለጋ ተክቷል፤ በኤሌክትሮኒክ መልክ የተዘጋጁ መጽሔቶችንና የመመረቂያ ጽሑፎችን ያስነብባል፤ አንባቢው የሚፈልገውን ክፍልም ወደ ፕሪንተር ይልካል። አገልግሎቱ በእንግሊዝኛ ለተጻፉ ሥራዎች የጎላ ችግር ሳይገጥመው ተስፋፍቷል። በአማርኛ ለተጻፉት ግን ውጤቱ ከመሣሪያው ብዛትና ፍጥነት ይልቅ ፊደሉ በኮምፒውተሩ ውስጥ በምን ኮድ እንደተመዘገበና የሥራው መግለጫ በምን ሥርዓት እንደተጻፈ ይወሰናል።

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ለዚህ ቅርብ ምሳሌ ነው። እ.ኤ.አ. በ1950 በዩኒቨርሲቲ ኮሌጅነት የተቋቋመው ይህ አንጋፋ ተቋም እ.ኤ.አ. በ1961 ወደ ዩኒቨርሲቲነት ሲያድግ የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት በግቢነት ተሰጥቶታል። እ.ኤ.አ. በ1963 የተመሠረተው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋምም በሀገሪቱ ቋንቋዎች የተጻፉ መጻሕፍትን፣ ጋዜጦችንና የብራና ጽሑፎችን ሲያሰባስብ ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ1990 ደግሞ የመረጃ ባለሙያዎችን የሚያሠለጥን ትምህርት ቤት በዩኒቨርሲቲው ተከፍቷል። ዩኔስኮ በነፃ ያሠራጨው ሲዲኤስ አይሲስ የተባለ ፕሮግራም በብዙ የአፍሪካ ቤተ መጻሕፍት ሥራ ላይ ይውል የነበረው በዚያው ዘመን ነው። ከዚያ ወዲህ ኒውዚላንድ ውስጥ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2000 ሥራ የጀመረው ኮሃ የተባለ ነፃ የካታሎግ ፕሮግራም፣ እንዲሁም እ.ኤ.አ. በ2002 ይፋ የሆነውና የመመረቂያ ጽሑፎችን ለማከማቸት የሚያገለግለው ዲስፔስ በዓለም ዙሪያ ተስፋፍተዋል።

የአማርኛ ጽሑፍ ወደ ኮምፒውተር የገባው ግን ከእነዚህ ፕሮግራሞች ጋር በማይገናኝ መንገድ ነበር። የአማርኛ ፊደል 33 መሠረታዊ ሆሄያት በሰባት ሰባት ቅርጽ ሲቆጠሩ 231 ይሆናሉ፤ ዲቃላ ሆሄያት፣ አኃዞችና ሥርዓተ ነጥቦች ሲጨመሩ ቁጥሩ የበለጠ ከፍ ይላል። በዚያን ጊዜ አንድ ፎንት የሚይዘው 256 ቦታ ሲሆን፣ ከዚያም ውስጥ ብዙው አስቀድሞ ለሌላ አገልግሎት የተያዘ ነበር። በመሆኑም የፕሮግራም አዘጋጆች የላቲን ፊደላት ቁጥር በተመደበበት ቦታ የአማርኛ ቅርጽ መተካት፣ አንዳንዴም ፊደሉን በሁለትና ከዚያ በላይ በሆኑ ፎንቶች መከፋፈል ግድ ሆኖባቸዋል። ቪዥዋል ግዕዝና ፓወር ግዕዝን የመሳሰሉ ፕሮግራሞች በቀድሞ ዕትሞቻቸው እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ምደባ ይከተሉ ነበር። በአንዱ «ለ» የሆነው ቁጥር በሌላው ሌላ ሆሄ ነው።

ይህ ችግር ለብዙ ጊዜ ሳይታወቅ የቆየው ፕሪንተሩ ስለሸፈነው ነው። የመመረቂያ ጽሑፍም ሆነ የመሥሪያ ቤት ሪፖርት የመጨረሻ ዓላማው በወረቀት መውጣት በነበረበት ጊዜ፣ ፎንቱ በተጫነበት ኮምፒውተር እስከታተመ ድረስ ጽሑፉ ያማረና የተሟላ ነበር። ፋይሉ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈት ግን የሚታየው ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደላትና ምልክቶች ድርድር ነው። የፍለጋ ፕሮግራም ከእንዲህ ዓይነቱ ፋይል አንድም የአማርኛ ቃል አያገኝም። ፋይሉ 1.44 ሜጋባይት በሚይዝ ፍሎፒ ዲስክ ላይ የተቀመጠ ከሆነ ደግሞ ዲስኩን የሚያነብ መሣሪያ ያለው ኮምፒውተር ማግኘትም ራሱን የቻለ ሥራ ሆኗል። በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች መዝገብ ቤትም ተመሳሳይ ዲስኮች መገኘታቸው የሚጠበቅ በመሆኑ ጉዳዩ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያዎች ብቻ አይደለም።

መፍትሔው የመጣው ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት ኮድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው ሦስተኛው ዕትም ከ300 በላይ የኢትዮጵያ ፊደልና ምልክቶችን አካቷል። እ.ኤ.አ. በ2005 የሰባት ቤት ጉራጌ ተጨማሪ ሆሄያትና የዜማ ምልክቶች ተጨመሩ። እ.ኤ.አ. በ2007 ለገበያ የቀረበው ዊንዶውስ ቪስታ ኒያላ የተባለውን የግዕዝ ፊደል ፎንት ይዞ በመምጣቱ፣ በዩኒኮድ የተጻፈን አማርኛ ሌላ ፎንት ሳይጭኑ ማንበብ ተቻለ። በነባር ፎንት የተጻፈ ሰነድ ፎንቱን በመለወጥ ብቻ ወደ ዩኒኮድ አይገባም፤ እያንዳንዱ ቁጥር በመቀየሪያ ፕሮግራም ተተርጉሞ ውጤቱ ከወረቀቱ ቅጂ ጋር መመሳከር አለበት። ስህተት በብዛት የሚገኘው በዲቃላ ሆሄያት፣ በግዕዝ አኃዞችና በእንግሊዝኛ ቃላት በተቀላቀሉ አንቀጾች ላይ ነው። ከተለወጠው ጋር የመጀመሪያውን ፋይል ማስቀመጥም ይገባል፤ በኋላ የተሻለ መቀየሪያ ሊገኝ ይችላልና።

ኮዱ ከተስተካከለ በኋላም የፍለጋ ችግር ሙሉ በሙሉ አይወገድም። «ሥነ ጽሑፍ» የሚለውን ቃል ለአብነት እንውሰድ። ሥ ወይም ስ፣ ጽ ወይም ፅ፣ ሑ፣ ሁ ወይም ኁ እየተባለ ሲጻፍ 12 ዓይነት አጻጻፍ ይኖረዋል። ቃሉ ተነጣጥሎ፣ ተያይዞ ወይም በሰረዝ ሲጻፍ ደግሞ 36 ይደርሳል። ኮምፒውተሩ እነዚህን 36 የተለያዩ ቃላት አድርጎ ያያቸዋል። ተመራማሪው በአንዱ ፈልጎ «አልተገኘም» የሚል መልስ ሲያገኝ መጽሐፉ ከመደርደሪያው የለም ብሎ ይሄዳል። በዚህ ረገድ የሚመረጠው አሠራር የርዕሱን አጻጻፍ ደራሲው እንዳወጣው ጠብቆ፣ ከበስተጀርባ ባለው የፍለጋ ማውጫ ብቻ ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸውን ሆሄያት ወደ አንድ ማምጣት ነው። ጽሑፉን ራሱን «ማስተካከል» ግን አይገባም። ፀሐይ ወጣች ለማለት የሚጻፈው «ሠረቀ» እና ንብረት መውሰድን የሚያመለክተው «ሰረቀ» በሆሄ ብቻ የሚለዩ ናቸውና።

ሌላው መሠናክል የደራሲ ስም ነው። የውጭ ሀገር ፕሮግራሞች ሁለተኛውን ስም የቤተሰብ ስም አድርገው ወደ ፊት ያመጡታል። በኢትዮጵያ ሥርዓት ሰው የሚጠራው በራሱ ስም በመሆኑ፣ አንድ ደራሲ አንዴ በራሱ ሌላ ጊዜ በአባቱ ስም እየተመዘገበ ሁለት ሰው ሆኖ ይገኛል። የዘመን አቆጣጠሩም እንዲሁ ነው። በ1998 ዓ.ም. የቀረበ ጥናት የጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ዓመት በሚሞላበት ቦታ እንዳለ ከተጻፈ፣ በውጤት ዝርዝሩ ላይ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ይወርዳል። የመዝጋቢው ባለሙያ ጥቂት ጥንቃቄ ይህን ሁሉ ሊያስቀር ሲችል፣ ተቋማት ለመሣሪያ ግዢ የሚሰጡትን ትኩረት ለባለሙያው ሥልጠና አለመስጠታቸው ያሳዝናል።

በወረቀት ብቻ የሚገኙ ሥራዎች በስካነር ይገለበጣሉ። ለታተመ ጽሑፍ በአንድ ኢንች 300 ነጥብ የሚይዝ ጥራት በተለምዶ በቂ ነው። ይሁንና ስካነሩ የሚሰጠው ምስል እንጂ ጽሑፍ አይደለም። ምስሉን ወደ ጽሑፍ የሚቀይሩ ፕሮግራሞች ያሉ ሲሆን፣ ቴሰራክት የተባለው ነፃ ፕሮግራም አማርኛንም ያነባል። በ እና ቡ፣ ለ እና ሉ የሚለያዩት በትንሽ ጭረት በመሆኑ ከደበዘዘ ፎቶ ኮፒ የተወሰደ ምስል ብዙ ስህተት ያስከትላል። ስለዚህ ከቅጂ ይልቅ ከዋናው ሰነድ ላይ መገልበጥ ይመረጣል።

ፕሪንተርን በተመለከተ፣ ብዙ ሰው ለሚገለገልበት ቤተ መጻሕፍት የሚስማማው በኔትወርክ የተያያዘ ሌዘር ፕሪንተር ነው። ይህ መሣሪያ ቶነር የተባለውን የቀለም ዱቄት በወረቀቱ ላይ የሚያጣብቀው ወደ 200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚደርስ ሙቀት ስለሆነ፣ በሚሞቅበት ቅጽበት ከፍተኛ ኃይል ይስባል። መብራት ሲቋረጥ ኮምፒውተሮችን የሚያቆየው ባትሪ ያለው መሣሪያ ላይ አብሮ መሰካት የሌለበትም በዚሁ ምክንያት ነው። ተጠቃሚው ሰነዱን ወደ ፕሪንተር ከመላኩ በፊት በፒዲኤፍ መልክ ፎንቱ አብሮ እንዲቀመጥ ቢያደርግ ገጹ በማንኛውም ኮምፒውተር ሳይለወጥ ይታተማል። ለረጅም ጊዜ የሚቀመጥ ሰነድ ከሆነ እ.ኤ.አ. በ2005 ዓለም አቀፍ ደረጃ የወጣለት ፒዲኤፍ ኤ የተባለው ዓይነት ፎንቱን በውስጡ እንዲይዝ ያስገድዳል።

ማባዛት የሕግ ወሰን አለው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለትርፍ ያልቆመ ቤተ መጻሕፍት ታትሞ የወጣ መጣጥፍን ወይም ከአንድ ሥራ የተወሰደ አጭር ክፍልን ለጥናትና ለግል ምርምር ለጠየቀ ሰው አባዝቶ እንዲሰጥ ይፈቅዳል፤ ቅጂን ጠብቆ ለማቆየት ወይም የጠፋን ለመተካትም ማባዛት ይቻላል። ሙሉ መጽሐፍ አባዝቶ ማደል በዚህ ፈቃድ አይሸፈንም። በዓለም ጤና ድርጅት አስተባባሪነት እ.ኤ.አ. በ2002 የተጀመረው ሂናሪ እና በዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2003 የተጀመረው አጎራ የሚያቀርቧቸው መጽሔቶችም የየራሳቸው የአጠቃቀም ውል ስላላቸው፣ ተጠቃሚው አንድን መጣጥፍ ከማተሙ በፊት ውሉን ከቤተ መጻሕፍቱ ባለሙያ መጠየቅ ይችላል።