ስለ ባሌ ደጋ እንጆሪ

በዛሬው ዘመን በከተማ «እንጆሪ» ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ከምድር ጋር ተጠግቶ የሚያፈራውን የውጭ አገር ተክል ነው። ስሙ ግን አስቀድሞ የአገራችን የደጋ እሾኻም ሐረግ ስም ነበረ። ይህንንም ሐረግ በሮቤና በጎባ ዙሪያ የሚኖረው የባሌ ኦሮሞ ጎራ ይለዋል።

ጎራ ራሱን ችሎ ስለማይቆም በእሾሁ አጥርና ቁጥቋጦ እየያዘ ይወጣል። ጣፋጭ ፍሬውን እረኞችና ሕፃናት ከጫካ ዳር እየለቀሙ ይበሉታል። የዕፀዋት ሊቃውንት ከዘሮቹ አንደኛውን በሽቶይድነር ስም ሰይመውታል፤ እርሱም በ1861 እና በ1862 (እንደ አውሮጳ አቆጣጠር) በሰሜን ኢትዮጵያ የተጓዘ ጀርመናዊ ሐኪም ነበረ። እንዲህ ሆኖ የአገሩ ተክል በመጽሐፍ የእንግዳ ስም ሲይዝ፣ የአገሩን ስም ደግሞ በገበያ እንግዳው ተክል ወሰደበት።

ነገር ግን እንግዳው ተክልም የራሱ ታሪክ አለው። ፍሬዚዬ የተባለ የፈረንሳይ መንግሥት መሐንዲስ የቺሊን ምሽጎች እንዲሰልል ተልኮ ሳለ፣ በ1714 (እንደ አውሮጳ አቆጣጠር) ሲመለስ 5 ችግኞች ይዞ ገባ። ችግኞቹ ሁሉ ሴቴዎች ስለ ነበሩ ለብዙ ጊዜ አላፈሩም፤ በኋላ ግን ከሰሜን አሜሪካ ከመጣ ዘር አጠገብ ተተክለው ተዳቀሉ። ዛሬ ዓለም የሚመገበው ትልቁ ፍሬ ከዚያ ተወለደ። እንግዲህ አንድ የመንግሥት ሠራተኛ ከታዘዘበት ሥራ ሌላ ጥቂት ስለ አስተዋለ፣ የሩቅ አገር ፍሬ የዓለም ሀብት ሆነ።

የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1962 ዓ.ም. ተቋቁሟል፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ይህም ለጫካው ታላቅ ጥበቃ ነው። ይሁን እንጂ ከፓርኩ ውጭ በእርሻ ድንበርና በመንገድ ዳር የሚበቅለውን ጎራ የሚጠብቀው የለም፤ መሬት ሲመነጠር እርሱ እንደ አረም ይቈረጣል።

ማሳደጉም ቢሆን ብዙ ወጪ አይጠይቅም። በሌላ አገር የሚለሙት እሾኻም ዘመዶቹ የቅርንጫፋቸው ጫፍ ጐንበስ ተደርጎ በአፈር ይቀበራል፤ ሥር ሲያወጣም ተቈርጦ ይተከላል። ያፈራው ቅርንጫፍ ይወገዳል፤ ለአዲሱም ቦታ ይለቀቅለታል። የጎባና የሮቤ ትምህርት ቤቶች ይህንኑ በጎራ ቢሞክሩት፣ ተክሉ በአንድ ጊዜ አጥርም ምግብም ትምህርትም ሊሆናቸው ይችላል።

አባቶቻችን ስሙን አውርሰውናል፤ ስሙን ይዘን ተክሉን ብናጠፋው ግን ለልጆቻችን የምናወርሰው ባዶ ቃል ይሆናል።