ደብዳቤ አንባቢው

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም።



ለመድረሳ ልጆች ስለ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መልእክተኞች ሳስተምር «ያኔ ፖስታ ቤትም ሆነ ቴሌግራም አልነበረም፤ ደብዳቤው በሰው እጅ ተይዞ ነው በረሃውን ያቋረጠው» አልኳቸው። ከፊት የተቀመጠ አንድ ልጅ እጁን አውጥቶ «ኡስታዝ፣ ቴሌግራም እኮ የመጣው አሁን ነው፤ አባቴ ስልክ ላይ አለ» አለኝ። ሌሎቹም እውነቱን ነው አሉ። እኔ ያልኩት ሌላ ቴሌግራም መሆኑን፣ በቴሌ ቢሮ መስኮት ላይ ቃል እየተቆጠረ የሚከፈልበት፣ ወረቀት ላይ ተጽፎ ለባለቤቱ የሚሰጥ መልእክት መሆኑን ለማስረዳት ግማሽ ክፍለ ጊዜ ፈጀብኝ። ሲጨርሱም የገባቸው አልመሰለኝም። ቃል ተቆጥሮ የሚከፈልበት ወሬ ለእነርሱ ተረት ነው።

ልጁ ግን ሳያውቅ ከታሪኩ ብዙም አልራቀም። በሕንድ አገር ቴሌግራም እ.ኤ.አ. በ1850 ተጀምሮ 163 ዓመት ካገለገለ በኋላ በጁላይ ወር አጋማሽ 2013 ተዘጋ። ልጁ የሚያውቀው የስልኩ ቴሌግራም ደግሞ በዚያው ዓመት በኦገስት ወር አጋማሽ ለሕዝብ ወጣ። በአሮጌው መዘጋትና በአዲሱ መውጣት መካከል ያለው አንድ ወር ብቻ ነው፤ ስሙ እንኳ ያለ ባለቤት ብዙ አልቆየም። በአሜሪካ ዌስተርን ዩኒየን የሚባለው ኩባንያ ከዚያ ቀደም ብሎ በጃንዋሪ 2006 የቴሌግራም አገልግሎቱን አቁሟል። ዛሬ እናቶቻችን ልጆቻቸው ከዐረብ አገር የላኩትን ገንዘብ ሲቀበሉ በባንኩ መስኮት ላይ የሚያዩት ይህ ስም በመሠረቱ የቴሌግራም ድርጅት ስም ነበር ቢባሉ ማን ያምናል?

እንግዲህ ነገሩን ከሥሩ ብንጀምረው መልካም ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ከሑደይቢያ ስምምነት በኋላ ለነገሥታት ደብዳቤ ለመላክ ሲያስቡ፣ ማኅተም የሌለበትን ደብዳቤ አያነቡም ስለተባሉ ከብር የተሠራ የማኅተም ቀለበት እንዳሠሩ በሐዲስ ተዘግቧል። ለሮሙ ንጉሥ ለሂረቅል የተጻፈውን ዲሕየቱል ከልቢ (ረ.ዐ.)፣ ለአገራችን ንጉሥ ለነጃሺ የተጻፈውን ዐምር ኢብኑ ኡመያ አድ-ደምሪ (ረ.ዐ.) አደረሱ። እኔን ከሁሉ ይበልጥ የሚያስደንቀኝ ግን የዘይድ ኢብኑ ሣቢት (ረ.ዐ.) ጉዳይ ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ከአይሁዶች ጋር ለሚጻጻፉት ደብዳቤ ሙሉ እምነት የሚጥሉበት ጸሐፊና አንባቢ ስለፈለጉ ጽሕፈታቸውን እንዲማር አዘዙት፤ ወጣቱ ዘይድም በግማሽ ወር ተምሮ ጨረሰ። ከዚያ ወዲህ የሚላከውን የሚጽፈው፣ የሚመጣውንም የሚያነበው እርሱ ሆነ። የደብዳቤ አንባቢነት ሥራ ከእውቀት በፊት አማና እንደሆነ ከዚህ እንረዳለን።

ከዚያም በሪድ መጣ። ሙዓዊያ (ረ.ዐ.) በኸሊፋነታቸው ዘመን (661–680 እ.ኤ.አ.) ያደራጁት፣ ዐብዱልመሊክ ኢብኑ መርዋን ያስፋፉት የመንግሥት ፖስታ ነው። በየመንገዱ ጣቢያ ይሠራል፤ በየጣቢያው የተዘጋጀ ከብት ይጠብቃል፤ መልእክተኛው የደከመውን ትቶ ያረፈውን ይጫናል። ኢብኑ ኹርዳዝቢህ የተባለው የታወቀው የመንገዶች መጽሐፍ ጸሐፊ ራሱ የበሪድ ሹም ነበር። ከሞንጎሎች ወረራ በኋላ ሱልጣን በይበርስ በ659 ዓመተ ሂጅራ (1261 እ.ኤ.አ.) ግድም ይህንን ሥራ እንደገና አቋቁሞ፣ ከደማስቆ ካይሮ ድረስ ወሬ በአራት ቀን ይደርስ እንደነበር የታሪክ ጸሐፊዎች ይናገራሉ። ከፈረሱ በላይ የሚፈጥነው እርግብ ነበር፤ ከበይበርስ በፊት ኑረዲን ዘንጊ የእርግብ ፖስታ በሻም ምድር አደራጅቶ ነበር። ተይሙር ሌንክ በ1400 እ.ኤ.አ. ሻምን ሲያጠፋ በሪድም አብሮ ጠፋ።

ነገር ግን በሪድ የድሃ ሰው ደብዳቤ አይቀበልም ነበር። የመንግሥት እንጂ የሕዝብ አልነበረም። ተራው ሰው ወሬውን የሚልከው በነጋዴ፣ በሐጃጅ፣ በደረሳ እጅ ነው። ሐጅ የሄደ ሰው ሲመለስ ቤቱ የሚሞላው ለበረካው ብቻ ሳይሆን የሌሎችን ሰላምታና ኑዛዜ ተሸክሞ ስለሚመጣም ጭምር ነበር።

በአገራችን ፖስታ ቤት የተቋቋመው በአፄ ምኒልክ ዘመን በ1886 ዓ.ም. ሲሆን የመጀመሪያዎቹ ቴምብሮች በፓሪስ ታትመው የመጡ ናቸው። ባቡሩ በ1902 እ.ኤ.አ. ድሬዳዋ እስኪገባ ድረስ ወደ ባሕሩ የሚወርደው ነገር ሁሉ በግመልና በእግር የሚሄድ ነበርና፣ ደብዳቤም ከቡናና ከቆዳ ጋር አብሮ ይጓዝ ነበር። ኢትዮጵያ የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል የሆነችው በ1908 እ.ኤ.አ. ነው። ደብዳቤ በየቤቱ የማደል ልማድ ግን በአገራችን ብዙም አልነበረም፤ ያለው ሣጥን ነው። የገጠር ሰው ከየት ሣጥን ያመጣል? እናም በከተማው ባለ ሣጥን የሆነ አንድ ነጋዴ የሃምሳና የስልሳ ቤት ደብዳቤ ይቀበላል። ማክሰኞ ወይም ሰኞ ገበያ የወጣ ሰው ሱቁ ጎራ ብሎ «የኛ ነገር የለም?» ይላል።

እኔ ያደግሁት በወሎ፣ ከኮምቦልቻ ብዙ በማይርቅ ገጠር ነው። በ1980ዎቹ አጋማሽ የሰፈራችን ወጣት ወደ ጂዳ መሄድ ሲጀምር አሥራ ሦስት ዓመት ቢሆነኝ ነው። ቁርኣን ቤት ውዬ ከሰዓት በኋላ የመንግሥት ትምህርት ቤት እማራለሁ። ዐረብኛውንም አማርኛውንም በማንበቤ ሳላስበው የሰፈሩ ደብዳቤ አንባቢ ሆንኩ። ክፍያው የቡና ቁርስና ዱዓ ነበር፤ ለእስክሪብቶ መግዣ ሃምሳ ሳንቲም የሰጠችኝም አለች። በከተማ ፍርድ ቤት በር ላይ በጽሕፈት መኪና የሚጽፉት ራፖር ጸሐፊዎች ዋጋ ነበራቸው፤ የእኔ ግን ከዚያ አይቆጠርም።

ደብዳቤው ሁሉ አጀማመሩ አንድ ነው። ሰላምታው አንድ ገጽ ይፈጃል፤ ከአያት እስከ ጎረቤት ልጅ በስም ይጠራል፤ የተጠራው ሁሉ «አላህ ይጠብቀው» እያለ እስኪጨርስ ቆም ማለት አለብኝ። ዋናው ጉዳይ ሁልጊዜ የሚገኘው ከመጨረሻው ገጽ ላይ ነው። ይህንን ባለማወቄ አንድ ቀን አጠፋሁ። ጂዳ ያለች የአንዲት ጎረቤታችን ልጅ ሰላምታዋን ጨርሳ «የላክሁትን ገንዘብ ለወንድሜ እንዳትሰጪው፣ ለቤቱ ቆርቆሮ ይሁን» ብላ ጽፋለች። ወንድምየው ከእናቱ አጠገብ ተቀምጦ ጫት ይቅማል። እኔ በሙሉ ድምፅ አነበብኩት። ልጁ ተነሥቶ ወጣ፤ ለወራትም የእናቱን ቤት አልረገጠም። ሸኻችን ሲሰሙ አልተቆጡኝም፤ ደብዳቤ ለጆሮ ከመሰጠቱ በፊት በዓይን እንደሚታይ ብቻ ነገሩኝ። ከዚያ በኋላ መጀመሪያ በልቤ እያነበብኩ፣ የሚዘለለውን ዘልዬ፣ ለብቻዋ ሳገኛት ለባለቤቷ መንገር ለመድሁ። አሁን ሳስበው ይህም ቀላል ሥልጣን አልነበረም። የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ከእናትና ከልጅ መካከል ቆሞ ይህ ይነገር፣ ይህ ይቅር ይል ነበር።

መርዶ ሲሆን ደግሞ ሌላ ሥርዓት አለው። በቴሌግራም «አባትህ በጣም ታሟል ቶሎ ና» ተብሎ የመጣ መልእክት ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ የዚያ ዘመን ሰው የለም። በደብዳቤ ሲሆን ለባለቤቱ አይጻፍም፤ ለሽማግሌ ይጻፋል። አንድ ቀን ነጋዴው ለሸኻችን የመጣ ፖስታ ሰጠኝ፤ ዳሩ ቀይና ሰማያዊ የሆነው የአየር ፖስታ ነው። ውስጡ ሁለት ወረቀት ነበረ። የሰፈራችን አንድ ልጅ ጂዳ ውስጥ ከግንባታ ላይ ወድቆ ሞቷል፤ ተቀብሯል፤ ሶላቱን የሰገዱት ስማቸው ተዘርዝሯል። ሸኻችን ወንድሟ ከባቲ እስኪመጣ ሦስት ቀን ያዙት። በእነዚህ ሦስት ቀናት እናትየው ከነጋዴው ፖስታ መምጣቱን ሰምታ ኖሮ ማታ ማታ ትመጣለች።

«ልጄ፣ የኔ ነገር የለም?»

«እትዬ፣ ሸኹን ይጠይቋቸው» እላለሁ። እንድዋሽ አላዘዙኝም፤ እንድናገርም አልፈቀዱልኝም።

በአራተኛው ቀን ከሱብሒ ሶላት በኋላ ሽማግሌዎቹ ከወንድሟ ጋር ወደ ቤቷ ሄዱ። እኔም ደብዳቤውን ይዤ ከኋላ ተከተልኩ። ስንደርስ ግቢዋን እየጠረገች ነበር፤ መጥረጊያውን አልጣለችም፣ ቀስ ብላ ከግድግዳው አስደግፋ አስቀመጠችው። ጎረቤቱ ቀድሞ ስለተነገረው ሴቶቹ በር ላይ ቆመዋል፤ ውኃ የያዘች አለች፤ ነጠላ የያዘች አለች። ደብዳቤውን ግን ያን ቀን ማንም እንዳነብ አልጠየቀኝም። ከሰባት ቀን በኋላ እርሷው ራሷ አስጠርታኝ፣ የሰገዱበትን ሰዎች ስም ሦስት ጊዜ አስነበበችኝ።

በመካከሉ ካሴት መጣ። ጂዳ ያሉት ባዶ ካሴት ላይ ድምፃቸውን ቀድተው ከመንዙማ ካሴት ጋር ቀላቅለው ይልካሉ። እናቶች ቴፑ ዙሪያ ተቀምጠው ይሰማሉ፤ መልሰውም ይቀዳሉ። ደብዳቤ አንባቢነቴ መናጋት የጀመረው ያኔ ነው እንጂ በኢንተርኔት አይደለም። ቴፕ መክፈት የሚችል ልጅ በቂ ሆነ።

ኢንተርኔት በአገራችን በ1989 ዓ.ም.፣ ሞባይል በ1991 ዓ.ም. ቢጀመርም ወደ ገጠራችን የደረሰው ዘግይቶ ነው። ሲደርስ ግን ሁሉንም በአንድ ጊዜ ወሰደው፤ ካሴት ቤቱን፣ የቴሌ ማዕከሉን ወረፋ፣ የነጋዴውን ሣጥን። ፖስታ ቤት ዛሬም አለ፤ ዕቃና ሰነድ ያመላልሳል። ነገሩ የኛ አገር ብቻም አይደለም፤ በዴንማርክ ከ1624 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደብዳቤ ሲያድል የኖረው የመንግሥት ፖስታ በ2025 መጨረሻ ደብዳቤ ማደሉን አቁሟል።

ካሴት ቤቱ ቢዘጋ፣ ሣጥኑ ቢዛግ ብዙም አላዝንም። የሁለት ወር ደብዳቤ ይጠብቁ የነበሩ እናቶች ዛሬ የልጃቸውን ፊት በየማታው ያያሉ፤ ፊደል ባይቆጥሩም ድምፃቸውን ራሳቸው ቀድተው ይልካሉ። የኔን ቢጤ ልጅ ከመካከል ማስገባት ቀረላቸው። ይህ ትልቅ ኒዕማ ነው። ያሳዘነኝ ግን ከሥራው ጋር አብሮ የሄደው መርዶ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት እናት የልጇን መሞት ያወቀችው ገበያ መሐል በርበሬ እያስመዘነች፣ ከማታውቀው ሰው በስልኳ በደረሳት ፎቶግራፍ ነው። ሽማግሌ አልቀደማትም፤ ነጠላ የያዘ አልነበረም፤ የደገፏት የበርበሬ ነጋዴዋና ሁለት የማታውቃቸው ሰዎች ናቸው። ፎቶውን የላከው ሰው በክፋት እንዳላደረገው አምናለሁ። መቆየት እንደሚያስፈልግ የሚያስታውሰው ነገር አልነበረም፤ ደብዳቤ በባሕሪው የሚቆይ ነበርና ሽማግሌው ሦስት ቀን ቢጨምርበት አይታወቅም ነበር።

ባለፈው ረመዳን ከፍጡር በኋላ ያች የቆርቆሮዋ ጎረቤታችን፣ አሁን አሮጊት ሆናለች፣ አስጠራችኝ። ስልኳን በነጠላዋ ጫፍ ጠቅልላ ይዛለች። ልጇ ከጂዳ ብዙ ድምፅ ልካላታለች፤ ከእነርሱ አንዱ ስለ ገንዘብ የሚያወራ ነው፤ ስልኩን የሚከፍትላት የልጅ ልጇ ነው፤ የልጅ ልጁም የዚያው የወንድምየው ልጅ ነው።

«ይኸኛው እንዳይሰማው እፈልጋለሁ፤ እንዴት ነው የሚጠፋው?» አለችኝ።

የቱ እንደሆነ አሳየችኝ። «እትዬ፣ እርስዎ ሰምተውታል?» አልኳት። ሁለት ጊዜ ሰምታዋለች። እኔ ሳልሰማው አጠፋሁት፤ ቡናም አፈላችልኝ።