የውጭ የመረጃ ምንጭ በደንበኞች ግንኙነት ሥርዓት

ሲአርኤም እየተባለ የሚጠራው የደንበኞች ግንኙነት ሥርዓት የአንድን ድርጅት ደንበኞች ስም፣ አድራሻ፣ ትእዛዝ፣ ቅሬታና የክፍያ ታሪክ በአንድ ቦታ የሚይዝ ሶፍትዌር ነው። የውጭ የመረጃ ምንጭ የሚባለው ደግሞ ድርጅቱ የማያዝበት፣ ነገር ግን ያለ እሱ ሥራው የማይሄድ የሌላ አካል መዝገብ ነው፤ የንግድ ፈቃድ መዝገብ፣ የባንክ ዝውውር፣ የዕለቱ ምንዛሪ፣ የጉምሩክ ሰነድ፣ የመታወቂያ ቋት። የሽያጭ ሠራተኛው ከደንበኛው ገጽ ሳይወጣ እነዚህን ማየት ከቻለ ሥርዓቱ ከውጭ ምንጭ ጋር ተገናኝቷል ይባላል።

አቃቂ ቃሊቲ ይህ ጉዳይ በየቀኑ ከሚያጋጥምባቸው የአገሪቱ አካባቢዎች አንዱ ነው። በአዲስ አበባ ደቡብ ጫፍ፣ ወደ አዳማና ወደ ጅቡቲ በሚያወጣው መንገድ ላይ የሚገኝ የፋብሪካ ክፍለ ከተማ ሲሆን የብረታ ብረት፣ የጨርቃ ጨርቅ፣ የምግብና የመለዋወጫ ማምረቻዎች ተሰባስበውበታል። የሃይነከን ቢራ ፋብሪካም ከ2007 ዓ.ም. ጀምሮ ቂሊንጦ ላይ ይገኛል። የቃሊቲ ጉምሩክ እዚያው ነው፤ የአዳማ ፈጣን መንገድም ከቱሉ ዲምቱ ይነሳል። የፋብሪካዎቹ ገዢዎች ግን በአብዛኛው የሰፈሩ ሰዎች አይደሉም። የመርካቶ ነጋዴ፣ የኮንዶሚኒየም ተቋራጭ፣ የክልል አከፋፋይ ናቸው። ሻጭ የማያውቀውን ገዢ የሚያምነው በሦስተኛ ወገን መዝገብ ነው።

አንድ የተለመደ የቶንዲኖ (የግንባታ ብረት) ሽያጭ እንይ። ገዢው ከመርካቶ ደውሎ ፕሮፎርማ ይጠይቃል። የሽያጭ ሠራተኛዋ ባለ 10 አኃዙን የግብር ከፋይ መለያ (ቲን) ቁጥር ትጠይቀዋለች፤ እሱ የንግድ ፈቃዱን ፎቶ በቴሌግራም ይልካል። እሷም የንግድ ሚኒስቴርን ኢትሬድ ገጽ ከፍታ ቲኑን አስገብታ ፈቃዱን ታጣራለች። ከዚያ ክፍያው ይመጣል፤ እሱም በስክሪንሾት ነው። ፎቶ ደግሞ ይቀባባል። ስለዚህ ለፋይናንስ ክፍል ደውላ «ገብቷል ወይ?» ትላለች፤ ፋይናንስም የንግድ ባንክን በ«ኤፍቲ» የሚጀምር የዝውውር ቁጥር ይፈልጋል። እስከዚያ ድረስ አይሱዙው በር ላይ ቆሞ ይጠብቃል። እዚህ ላይ ኮምፒውተር አልጠፋም፤ ሦስት መዝገቦች አሉ፣ የሚያገናኛቸው ግን የሠራተኛዋ ስልክ ነው።

ሥርዓቱን ከውጭ መዝገብ ጋር ለማገናኘት በመሠረቱ ሁለት መንገዶች አሉ። አንደኛው መገልበጥ ነው፤ መረጃው በየሌሊቱ ወይም በየሰዓቱ ከምንጩ ተቀድቶ በራስ ቋት ይቀመጣል። ሁለተኛው በጥያቄ ጊዜ ማንበብ ነው፤ መረጃው ባለቤቱ ጋር ይቀራል፣ ሲአርኤሙ ገጹ በተከፈተ ቁጥር ኤፒአይ በሚባለው የሶፍትዌሮች መነጋገሪያ በኩል ጠይቆ ያሳያል። የሲአርኤም አቅራቢው ሴልስፎርስ የዚህ ዓይነቶቹን ሠንጠረዦች የውጭ ኦብጀክት፣ ማይክሮሶፍት ደግሞ ምናባዊ ሠንጠረዥ ይላቸዋል። ሁለቱም ኦዳታ በተባለው ፕሮቶኮል መነጋገር ይችላሉ። ፕሮቶኮሉን ማይክሮሶፍት ጀመረው፤ ኦኤሲስ የተባለው ድርጅት ደግሞ በ2014 እ.ኤ.አ. አራተኛውን እትም ደረጃ አድርጎ አጸደቀው። ኦዱ የተባለው ሶፍትዌር በነጻ የሚገኝ ኮሚዩኒቲ እትምም ኤክስኤምኤል-አርፒሲ በተባለ ፕሮቶኮል በኩል ለሌሎች ሥርዓቶች በር ይከፍታል፤ በዶላር የሚከፈል ፈቃድ ለከበደው ፋብሪካ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

የትኛው መንገድ እንደሚሻል የሚወስነው መረጃው ምን ያህል ቶሎ እንደሚያረጅ ነው። የንግድ ፈቃድን እንውሰድ። ፈቃድ ያለ ቅጣት የሚታደሰው ከሐምሌ 1 እስከ ታኅሣሥ 30 ባለው ጊዜ ነው፤ ከጥር 1 በኋላ ቅጣት አለው። ስለዚህ ባለፈው ሚያዝያ ተገልብጦ «የጸና» ተብሎ የተቀመጠ ፈቃድ በጥር ምንም ላይነግረን ይችላል። ፈቃድ በትእዛዝ ቅጽበት ከምንጩ ቢጠየቅ ይሻላል። የገዢው ስም፣ የተመዘገበበት ዘርፍና የመጋዘኑ አድራሻ ግን በየቀኑ ስለማይለዋወጡ ቢገለበጡ ጉዳት የለውም።

ምንዛሪ ከሁሉም በላይ ቶሎ ያረጃል። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ካደረገ ወዲህ እያንዳንዱ ባንክ የራሱን ዋጋ ይለጥፋል። ጥሬ ዕቃው ከውጭ ለሚገባ ላሜራና ቶንዲኖ፣ በትናንት ዋጋ የተሠራ ፕሮፎርማ ኪሳራ ሊሆን ይችላል። እዚህ ላይ ሁለቱም መንገድ ያስፈልጋል፤ ዋጋው በቀጥታ ይነበባል፣ ፕሮፎርማው የተሠራበት ዋጋ ግን ከነቀኑና ከነሰዓቱ ተገልብጦ ከሰነዱ ጋር ይቀመጣል። አለበለዚያ ገዢው ከሳምንት በኋላ ሲመለስ የሚያከራክር እንጂ የሚዳኝ ማስረጃ አይኖርም።

ፋይዳ ሌላው ትልቅ ምንጭ ነው። በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 ሕጋዊ መሠረት ያገኘው ይህ ዲጂታል መታወቂያ ባለ 12 አኃዝ ቁጥር ሲኖረው የተገነባው ሞሲፕ በተባለ፣ ባንጋሎር በተጀመረ ክፍት ሶፍትዌር ላይ ነው። ከታኅሣሥ 23 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በአዲስ አበባ አዲስ የባንክ ሂሳብ ለመክፈት ግዴታ ሆኗል። አሠራሩ ለሲአርኤም ሰዎች ጥሩ ትምህርት ይሰጣል። ጠያቂው ድርጅት ቋቱን አይከፍትም፤ ባለመታወቂያው በስልኩ በሚደርሰው የአንድ ጊዜ ኮድ ወይም በአሻራው ሲፈቅድ ብቻ የተጠየቀው መልስ ይመጣል።

መገናኘቱ ከተሳካ በኋላ የሚመጣው ችግር ማዛመድ ነው፤ ሶፍትዌር ሻጮች ስለዚህ ብዙ አያወሩም። አንዱ መዝገብ ኃይሉ፣ ሌላው ሀይሉ፣ ሦስተኛው በላቲን ፊደል በሁለት ዓይነት ይጽፈዋል። የቤተሰብ ስም ስለሌለ በአያት ስም ካልተለየ ሁለት ሰው አንድ ይሆናል። አድራሻም አያድንም፤ በአዲስ መንደሮች የቤት ቁጥር በሚል ሣጥን ውስጥ «አዲስ» ተብሎ የተሞላ ቅጽ ስንት ነው! ስልክም በ09፣ በ07 እና በ+251 ይጻፋል። ስለዚህ ማዛመጃው ቲን ወይም ፋይዳ ቁጥር መሆን አለበት እንጂ ስም አይሆንም። የዘመን አቆጣጠሩም ያው ነው። በፈቃድ ላይ 30/06/2017 ተብሎ የተጻፈው የካቲት 30 በፈረንጆቹ ማርች 9 ቀን 2025 ሲሆን ከውጭ የመጣው ሶፍትዌር ግን የጁን 2017 ቀን አድርጎ ይቀበለዋል። ስሕተት ነው ብሎ አይጮኽም፤ ፈቃዱን ድሮ ያለፈበት አድርጎ ያሳያል እንጂ።

መስመር መቋረጥም በንድፉ ውስጥ መግባት አለበት። ከሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ጀምሮ ኢንተርኔት በአገሪቱ ለሦስት ሳምንት ያህል ተዘግቶ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ሁሉን ነገር በቀጥታ ጥያቄ ላይ የሚጥል ሥርዓት እዚህ አገር የዋህ ይባላል። ሁነኛው መፍትሔ የመጨረሻውን መልስ «የታየበት ቀን» ከሚል ምልክት ጋር ማስቀመጥ ነው፤ መስመር ሲጠፋ ሠራተኛዋ መልሱ የትናንት መሆኑን አውቃ ትወስናለች። ምንጩ ሲዘገይም ገጹ ታንቆ መቅረት የለበትም። ሴልስፎርስ ራሱ በአንድ ክንውን ውስጥ የሚደረጉ የውጭ ጥሪዎችን በ100፣ ድምር የመጠበቂያ ጊዜያቸውን በ120 ሰከንድ ገድቧል። ለሰው ዓይን የተሠራን ገጽ በፕሮግራም እየላጡ ማንበብም አያዛልቅም፤ የገጹ ባለቤት አንድ ሣጥን ባዛወረ ማግስት ይሰበራል።

በመጨረሻ የሕግ ጥያቄ አለ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 መረጃ ለታወቀ ዓላማና በልኩ እንዲሰበሰብ ያዛል፤ ወደ ውጭ አገር በሚተላለፍ መረጃ ላይም ቅድመ ሁኔታ ያስቀምጣል። አገልጋይ ኮምፒውተሩ አውሮፓ ያለ ሲአርኤም የገዢዎችን መታወቂያ ፎቶ ሲያከማች ይህ ሕግ ይመለከተዋል። ለቶንዲኖ ሽያጭ የሚያስፈልገው «ፈቃዱ ጸንቷል» የሚል መልስና የተጠየቀበት ቀን ነው፤ የባለቤቱ የትውልድ ቀንና ፎቶ አያስፈልግም። አዋጁን የማስፈጸም ሥልጣን የተሰጠው ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው።