ካላ አዛር፦ ተውሳኩን እስከ መደበቂያው የሚከተለው መድኃኒት

ከደባርቅ፣ ከዳባትና ከስሜን ተራሮች ግርጌ ብዙ ወጣቶች በየዓመቱ ለአረምና ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማና ሁመራ ቆላ ይወርዳሉ። ከእነዚህ አንዳንዶቹ ካላ አዛር የተባለውን በሽታ ይዘው ይመለሳሉ። በሽታው ካልታከመ አብዛኛውን ጊዜ ለሞት ይዳርጋል።

በሽታው እንዴት ይይዛል?

ካላ አዛርን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ ናት። በዋልካ አፈር ስንጥቅና በግራር ሥር ትጠለላለች፤ በሌሊት ደግሞ ሜዳ ላይ የሚያድሩትን ሠራተኞች ትነድፋለች። በንድፊያው የሚገባው ጥገኛ ተውሳክ በጣፊያ፣ በጉበትና በአጥንት መቅኔ ባሉ የሰውነት መከላከያ ሴሎች ውስጥ ተደብቆ ይራባል። መድኃኒት እንዲያስቸግረው ያደረገውም ይኸው መደበቂያው ነው።

መድኃኒቱ እንዴት ይሠራል?

በአገራችን የተለመደው ሕክምና ለ17 ቀናት በየዕለቱ የሚሰጡ ሁለት ዓይነት መርፌዎች ናቸው። ነፍሰ ጡሮች፣ በዕድሜ የገፉ፣ ኤች አይ ቪ በደማቸው ያለና እጅግ የተዳከሙ ሕሙማን ግን የመርፌዎቹን ጉዳት መቋቋም ይከብዳቸዋል። ለእነርሱ የሚመረጠው አምቢዞም ነው።

በአምቢዞም ውስጥ ያለው አምፎቴሪሲን ቢ በአፈር ውስጥ ከሚኖር ባክቴሪያ የተገኘ ሲሆን፣ ብቻውን ሲሰጥ ኩላሊትን ክፉኛ ይጎዳል። ስለዚህ ባለሙያዎች ሊፖዞም በሚባሉ የስብ ቅንጣቶች ውስጥ አሸጉት። የአንዱ ቅንጣት ስፋት ከ100 ናኖሜትር ያነሰ ነው፤ አንድ ናኖሜትር የሚሊ ሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው። የመከላከያ ሴሎች ቅንጣቱን እንደ ባዕድ ነገር ይውጡታል። በዚህም መድኃኒቱ ተውሳኩ ወዳለበት ሴል ይገባል፤ ኩላሊትም ይተርፋል።

አምቢዞም በአሜሪካ ለዚህ በሽታ የተፈቀደው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1997 ነው። ዋጋው ውድ ነው፤ አንድ ብልቃጥ 50 ሚሊ ግራም ይይዛል፣ በኪሎ 30 ሚሊ ግራም የታዘዘለት 50 ኪሎ የሚመዝን ሕመምተኛ 30 ብልቃጥ ያስፈልገዋል። አምራቹ ጊሊያድ ከ2011 ጀምሮ በዓለም ጤና ድርጅት በኩል በልገሳ ይሰጣል። መድኃኒቱ ከ25 ዲግሪ በላይ በሆነ ሙቀት መቀመጥ ስለሌለበትና በደም ሥር ስለሚሰጥ በሐኪም ክትትል ብቻ ይወሰዳል። በአካባቢያችን የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የካላ አዛር ሕክምናና ምርምር ማዕከል አለው።

ምን ማድረግ ይገባል?

ከቆላ የተመለሰ ሰው ትኩሳቱ ከ2 ሳምንት ካለፈ፣ ከከሳ ወይም በግራ ጎኑ ሆዱ ካበጠ ወደ ጤና ተቋም ይሂድ። የወባ መድኃኒት ወስዶ ካልተሻለውም ዝም አይበል። ለባለሙያው አስቀድሞ የሚነገረው “መተማ ነበርኩ” ወይም “ሁመራ ነበርኩ” የሚለው ቃል ነው፤ ያን ያልሰማ ባለሙያ ወባ ወይም ታይፎይድ ብሎ ሊያልፈው ይችላል። ከጣት በሚወሰድ ደም የሚደረግ ፈጣን ምርመራ አለ። ወደ ቆላ የሚወርድም አጎበር ይዞ ይውረድ።