ከጠፍር እስከ ባለ ቃታው ሞርሳ

እኔ የምለው፣ አንድ ሰው ስንት እጅ ያስፈልገዋል? አትሳቁብኝ፣ ጥያቄው የእኔ አይደለም። ሚዛን ተፈሪ ውስጥ አንድ የእንጨት ሥራ ቤት በራፍ ላይ ዝናብ ተጠልዬ የሰማሁት ነው። አናጢው ሽማግሌ ኮላ የተቀቡ ሁለት ጣውላዎችን በግራ እጃቸው ገጥመው ይዘዋል፤ በቀኛቸው የሞርሳውን ብሎን ያጠብቃሉ፤ በጉልበታቸው ከታች ይደግፋሉ። ረዳታቸው ሻይ ሊያመጣ ሄዶ ቀርቷል። «ፈጣሪ ለአናጢ ሦስተኛ እጅ ቢጨምርለት ምን ይጎድልበት ነበር?» አሉና ዞረው አፈጠጡብኝ። ገባኝ። ቦርሳዬን ጥዬ ያዝኩላቸው። ከኪቦርድ ሌላ የማያውቁት ጣቶቼ ኮላ በኮላ ሆነው ወጡ።

አዲስ አበባ ተመልሼም ነገሩ አልለቀቀኝም። ያ የቡና ምድር እኮ የዛፍ አገር ነው! ዋንዛው፣ ቀረሮው፣ ሰሳው ቡናውን አጥልለው የቆሙበት አገር። ታዲያ በዛፍ አገር ሁለት ቀጫጭን ጣውላ ለመግጠም ይሄ ሁሉ መከራ ምን ይሉታል?

ዱሮ መግጠም ብሎ ነገር ብዙም አልነበረም። ጅማ ሄዳችሁ ከሆነ ያንን ባለ ሦስት እግር፣ ባለ መደገፊያ ወንበር አይታችሁታል። መቀመጫው፣ እግሩና መደገፊያው ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ የወጣ ነው። ሙቀጫውም እንዲሁ። አናጢው የሚጨምረው ነገር የለም፣ የሚቀንሰው ብቻ ነው። የሚጣበቅ ከሌለ ደግሞ አጣብቆ የሚይዝ መሣሪያ ምን ይሠራል? የካፋና የሸካ ሰዎች ዛፍ ላይ የሚሰቅሉት የግንድ ቀፎ ትንሽ ለየት ይላል። ግንዱ ለሁለት ይሰነጠቅና ውስጡ ተቦርቡሮ መልሶ ይገጠማል፤ ከዚያ በሐረግ ጥፍር ተደርጎ ይታሰራል። ልብ በሉ፣ ያ ሐረግ ሞርሳ ነው።

ከሐረጉ በላይ የገረመኝ ግን ጠፍር ነው። አያቶቻችን አልጋ የጠፈሩበት እርጥብ ቆዳ ሲርስ ይለጠጣል፣ ሲደርቅ ይሰበሰባል። ማታ አስረኸው ትተኛለህ፣ ውሎ አድሮ ማንም ሳይነካው ራሱን አጥብቆ ታገኘዋለህ። በዚህ ስሌት ባለ አንድ እጁን ተዉት፣ አንድም እጅ የማይፈልግ ሞርሳ ነበረን ማለት ነው! (እኛ ብቻ ነን ያወቅነው ብዬ ፉከራ ውስጥ አልገባም፤ ቆዳ ያለው ሕዝብ ሁሉ ያውቀዋል።) ይህን ሁሉ የሚሠራው ሰው ግን ሲናቅ ኖሯል። አጤ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጆችን መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከማውጣት ደርሰዋል። አዋጁ ስድቡን በአንድ ጀንበር አላጠፋውም እንጂ።

ከዚያ ጣውላ መጣ። ከየት እንደመጣ ቋንቋችን ራሱ ይመሰክራል። ጣውላ፣ ኮላ፣ ሞርሳ፣ ፒንሳ፣ ካቻቢቴ... ሁሉም የጣልያን ልጆች ናቸው። በደርግ ዘመን በበቃና ቴፒ የመንግሥት ቡና እርሻ ሆኑ፤ ሠራተኛው ከየአቅጣጫው ጎረፈ። ከ1977ቱ ረሃብ በኋላ ደግሞ ከሰሜን የተነሱ ሰፋሪዎች ወደ ምዕራቡና ደቡብ ምዕራቡ ተወሰዱ። በ1999 ዓ.ም. ሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ ተከተለ። ይሄ ሁሉ ሕዝብ አልጋ፣ በር፣ ጠረጴዛ ይፈልጋል፤ ለዚህ ሁሉ ግንድ ተቀምጦ አይፈለፈልም።

በዚህ መሀል ዛፉ ራሱ መጠበቅ ነበረበት። የ1986ቱ የደን አዋጅ አራት አገር በቀል ዛፎችን በስም ጠርቶ ከተፈጥሮ ደን እንዳይቆረጡ ከለከለ፦ ዋንዛ፣ ዝግባ፣ ጥድና ኮሶ። አዋጁ በ1999 እና በ2010 በሌሎች ተተክቷል፤ የካፋና የሸካ ደኖችም እ.ኤ.አ. በ2010 እና በ2012 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራዎች መዝገብ ገብተዋል። ለደኑ እሰየው ነው። ለአናጢው ግን ጣውላው ጠበበ። ባሕር ዛፍና ግራቪሊያ የአያቱን ዋንዛ ያህል ስፋት ከየት ያመጣሉ? የጠረጴዛ ፊት የሚያህል ነገር የሚገኘው አራት አምስት ጠባብ ጣውላ ጎን ለጎን በኮላ ተጣብቆ ነው። አሁን የሽማግሌው መከራ ገባኝ። ሞርሳ ትልቁን ዛፍ ያጣ ሰው መሣሪያ ነው።

ያ ሦስተኛ እጅ የተወለደው ደግሞ ከእኛዋ ሚዛን በማትሻል የገጠር ከተማ ነው። አሜሪካ፣ ኔብራስካ ውስጥ ዲዊት የምትባል፣ ነዋሪዋ 600 እንኳ የማይሞላ መንደር አለች። እዚያ ዊልያም ፒተርሰን የሚባል ከዴንማርክ የመጣ ቀጥቃጭ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ነክሶ የሚቆለፈውን ፒንሳ ፈለሰፈ፤ ቫይስ ግሪፕ የሚባለውን። ባለ ቃታው ሞርሳ፣ ኩዊክ ግሪፕ፣ ከዚሁ ኩባንያ ወጥቶ እ.ኤ.አ. በ1990 ፓተንት አገኘ። ነገሩ ቀላል ነው። ብረቱ በጥቃቅን ሳህኖች ቀዳዳ ውስጥ ያልፋል። ቃታውን ስትስቡ አንዷ ሳህን ዘንበል ብላ ብረቱን ትነክስና አንድ እርምጃ ትወስደዋለች፤ ሌላዋ ወደ ኋላ እንዳይመለስ ነክሳ ትይዘዋለች። ትንሿን መልቀቂያ ስትጫኑ ይቺኛዋ ትለቀዋለች። ብሎን ማዞር የለ፣ ረዳት መጥራት የለ! የዲዊት ፋብሪካ ግን እ.ኤ.አ. በ2008 ተዘግቶ ሥራው ወደ ቻይና ሄደ። የፒተርሰን መንደር ሰዎችም ሥራቸውን ተሰናበቱ።

ገዝታችሁ ከሆነ የምላችሁ አለኝ፤ እኔ ተሸውጄ ነው የተማርኩት። መጀመሪያ የገዛሁት ርካሽ ነበር፤ ስስቡት ብረቱ እንደ ቀስት ጎበጠ። እና ከመግዛታችሁ በፊት ሱቁ ውስጥ የሆነ ነገር አስነክሱት። ብረቱ ይጎብጣል? ቃታው ከሳበ በኋላ ወደ ኋላ ይንሸራተታል? ይሄ ከሆነ መልሱት። መንጋጋው ከብረቱ ምን ያህል እንደሚርቅም እዩ፤ አጭር ከሆነ የጣውላው ጠርዝ ላይ ብቻ ይቀራል። ደህናው መካከለኛ 300 ፓውንድ፣ ከባዱ 600 ፓውንድ ይጫናል ይላሉ አምራቾቹ። 600ው ወደ 270 ኪሎ መሆኑ ነው። አንዳንዱ መንጋጋው ተገልብጦ ሲገጠም ከመጭመቅ ይልቅ ይገፋል፤ የተጣበቀ ወንበር ለመፍታት ግሩም ነው።

ሲሠራ ደግሞ ኮላ ሳይቀባ አንዴ ገጥሞ ማየት። ሞርሳዎቹን አንዱን ከላይ አንዱን ከታች ማፈራረቅ፣ አለዚያ ጣውላው ይጎብጣል። ኮላው በመገጣጠሚያው ላይ እንደ ላብ ጠብ ጠብ ካለ በቂ ነው፤ ጨምቆ ሁሉንም ማውጣት ማጣበቅ አይደለም። በሚዛን እርጥበት ደግሞ ኮላው ቶሎ አይደርቅምና ቸኩሎ መፍታት የለም። እርጥብ እንጨትማ ሞርሳም አያድነውም፤ ሚዛን ተገጥሞ በበጋ አዲስ አበባ ሲገባ ይሰነጠቃል።

ሁለተኛ ጊዜ ስሄድ ደህና የሚባሉ ሁለት ባለ ቃታ ይዤ ሄድኩ። ሽማግሌው አገላብጠው አዩት፣ ቃታውን አንዴ ሁለቴ ሳቡ፣ ሳቁ። «ጋሼ፣ እንዴት ነው?» አልኳቸው። «ልጄ፣ ይሄ ጠመንጃ ነው እንጂ ሞርሳ ነው እንዴ!» ለሥዕል ፍሬምና ለመሳቢያ ወደዱት። ለጠረጴዛው ፊት ግን አሻፈረኝ አሉ፤ ከፌሮና ከብሎን ያስበየዷቸውን ከባድ ሞርሳዎች ከግድግዳው አወረዱ። እውነታቸውን ነው፤ ለሰፊ ጣውላ ብሎን ከቃታ ይበልጣል። እነሱን እስኪያጠብቁ ግን የኔዎቹ ሁለቱ ጣውላዎቹን በቦታቸው ያዙ።

ረዳቱ አሁንም ሻይ ሊያመጣ ሄዷል። በዚያን ቀን ግን ማንም አልፈለገውም።