ከሪንገር የቧንቧ ውሃ እስከ ኒሞዲፒን

የዘንድሮው መጽሔት አዘጋጆች «ከሕክምና ታሪክ አንድ ነገር ጻፊልን» ሲሉኝ ቀድሞ ትዝ ያለኝ የፊዚዮሎጂ ላብራቶሪውና የእንቁራሪቷ ልብ ነው። አብረን የተማርን ታስታውሳላችሁ፤ ግማሻችን ልቧ ሲመታ እያየን፣ ግማሻችን ደግሞ ዓይናችንን ጨፍነን ነበር። ያኔ ካልሲየም ለፈተና የሚሸመደድ ነገር እንጂ ሌላ አልመሰለኝም።

ታሪኩ የሚጀምረው ለንደን ነው። ሐኪሙ ሲድኒ ሪንገር (አዎ፣ በየዋርዱ የምንሰቅለው «ሪንገር» ስሙን ያገኘው ከእሳቸው ነው) የእንቁራሪት ልብ በጨው ውሃ ውስጥ ለረጅም ጊዜ ሲመታ አይተው ነበር። በኋላ ሲደርሱበት፣ ለካ ረዳታቸው ውህዱን ሲያዘጋጅ የኖረው በዲስትልድ ሳይሆን በቧንቧ ውሃ ኖሯል! በዲስትልድ ውሃ ሲሞከር ልቡ ብዙም ሳይቆይ ደከመ። ልዩነቱን ያመጣው በቧንቧው ውሃ ውስጥ የነበረው ካልሲየም ነው። ሪንገር ስህተታቸውን ሳይደብቁ በ1883 እ.ኤ.አ. አሳተሙት፤ እኔ ከግኝቱም በላይ ይሄን እወድላቸዋለሁ።

ከዚያ ወደ ጀርመን፣ ፍራይቡርግ እንሂድ። በ1960ዎቹ አልብሬክት ፍሌከንሽታይን ቬራፓሚልን የመሳሰሉ መድኃኒቶች ልብን የሚያደክሙት ካልሲየም የጎደለ ያህል እንደሆነ አስተዋሉ። ካልሲየም ሲጨመር ልቡ ይመለሳል። መድኃኒቶቹ የሚይዙት ካልሲየም ወደ ሴል የሚገባበትን በር ነው፤ ዛሬ ካልሲየም ቻናል የምንለውን ማለት ነው። በደም ሥር ግድግዳ ላይ ያለው ጡንቻም የሚኮማተረው በዚያው በር በሚገባ ካልሲየም ስለሆነ፣ በሩ ሲያዝ ደም ሥሩ ይላላል።

የአንጎል ነገር እዚህ ጋ ይገባል። አኑሪዝም ፈንድቶ ደም በአንጎል ዙሪያ የፈሰሰበት ሰው ከመጀመሪያው አደጋ ቢተርፍም፣ ከ4ኛው እስከ 14ኛው ቀን ባለው ጊዜ ድንገት ሊዝል ወይም ንግግሩ ሊያዝ ይችላል። ኤከርና ሪመንሽናይደር በ1951 የተኮማተሩትን ደም ሥሮች በአንጂዮግራም አሳይተው ስለነበር፣ ሐሳቡ ቀላል መሰለ፦ ደም ሥሩን የሚያላላ መድኃኒት እንስጥ። የባየር ኩባንያ ኒሞዲፒን በስብ ስለሚሟሟ ወደ አንጎል በደንብ ይዘልቃል። በ1983 ጆርጅ አለንና ባልደረቦቹ ባወጡት ጥናት፣ በስፓዝም ምክንያት ከባድና ዘላቂ ጉዳት የደረሰባቸው ወይም የሞቱት፣ ባዶ እንክብል ከወሰዱት 60 ሰዎች 8 ሲሆኑ፣ ኒሞዲፒን ከወሰዱት 56 ግን 1 ብቻ ነበር። በ1989 በታተመውና 554 ሕሙማን በነበሩበት የብሪታንያ ጥናት ደግሞ የአንጎል ኢንፋርክሽን ከ33 ወደ 22 በመቶ ወረደ።

ታዲያ ጉዱ ምን መሰላችሁ? በአንጂዮግራም ሲታይ ኒሞዲፒን የወሰዱት ሰዎች ደም ሥር ያን ያህል ሰፍቶ አልተገኘም! በተቃራኒው ወንድሙ ኒካርዲፒን ስፓዝሙን ቀነሰ፤ በ1993 በወጣው ትልቅ ጥናት ግን ሕሙማኑ ከሦስት ወር በኋላ ከሌሎቹ የተሻሉ ሆነው አልታዩም። ምናልባት ኒሞዲፒን የሚጠቅመው በትንንሾቹ ደም ሥሮች ወይም በራሱ በነርቭ ሴሉ ላይ ይሆናል። ለተማሪዎቼ «ደም ሥር ስለሚያሰፋ ነው» ብሎ መመለስ በቂ እንዳልሆነ የምነግራቸው ለዚህ ነው።

አንድ ነገር ግን ከአእምሮዬ አይወጣም። ሬዚደንት ሳለሁ ያከምኳት አንዲት መምህርት ነበረች። ትእዛዙ በየ4 ሰዓቱ 60 ሚሊግራም፣ ለ21 ቀን ነው። በ30 ሚሊግራም እንክብል ስታሰሉት 252 ይሆናል። እኔ ግን የጻፍኩላቸው እንዲያው «ኒሞዲፒን» ብዬ ነው። ወንድሟ መርካቶን አዳርሶ 20 ፍሬ ይዞ መጣ፤ በሁለተኛው ቀን አለቀ። ሌላ እስኪገኝ ሁለት ቀን አለፈ። በሰባተኛው ቀን ንግግሯ ተያዘ። ባይቋረጥ ኖሮ ይተርፍላት ነበር ልል አልችልም፤ ከወሰዱትም ብዙዎች ይጎዳሉና። ወንድሟ ሲጠይቀኝም ይህንኑ ነው ያልኩት። አላመነኝም መሰለኝ።

ዛሬ ገና ሕመምተኛው እንደገባ ቤተሰቡን አስቀምጬ ወረቀት አወጣለሁ፤ 2 በ6፣ በ21 ብለን አብረን እናባዛለን።