ቅኝቱ በማን እጅ ነው? የሚዲ ኪቦርድ ታሪክና የቤት ስቱዲዮ ምርጫ



ዛሬ የምናገረው የራሱ ድምፅ ስለሌለው የሙዚቃ መሣሪያ ነው። ርእሱ ለታሪክ ጉባኤ እንግዳ ሊመስል ይችላል። ይሁንና በመኖሪያ ክፍላቸው ትንሽ ስቱዲዮ ለማቋቋም ያሰቡ ተማሪዎች የትኛውን የሚዲ ኪቦርድ ቢገዙ እንደሚሻል ደጋግመው ይጠይቁኛል። የብዙ ወራት ቁጠባ የሚወጣበት ነገር በመሆኑ ጥያቄያቸውን አቅልዬ አላየውም። መልሴን ግን ከዋጋው ሳይሆን ከታሪኩ እጀምራለሁ፤ በዕቃው ላይ የምናያቸው ቁልፎችና ጎማዎች ከእኛ በፊት የነበሩ ሰዎች የወሰኗቸው ውሳኔዎች ናቸውና። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ላስታውስ።

የሚዲ ኪቦርድ ኮንትሮለር የሚልከው ድምፅ ሳይሆን ቁጥር ነው፤ የትኛው ቁልፍ እንደተነካ፣ በምን ፍጥነት እንደተነካና መቼ እንደተለቀቀ ይናገራል። ድምፁን የሚፈጥረው በኮምፒውተሩ ውስጥ ያለ ሶፍትዌር ወይም ሌላ ሲንተሳይዘር ነው። ስለዚህ የኪቦርዱ ብቃት የሚለካው የተጫዋቹን እጅ ምን ያህል በታማኝነት እንደሚያስተላልፍ ነው።

ይህ የቁጥር ቋንቋ ከመፈጠሩ በፊት አንዱ ኩባንያ የሠራው ሲንተሳይዘር ከሌላው ኩባንያ ሥራ ጋር በቀላሉ አይግባባም ነበር። በ1981 የሴኩዌንሻል ሰርኪትስ መሥራች አሜሪካዊው ዴቭ ስሚዝ፣ ከባልደረባው ከቼት ዉድ ጋር ሆኖ፣ የጋራ መግባቢያ እንዲኖር ለድምፅ መሐንዲሶች ማኅበር ሐሳብ አቀረበ። በጃፓን በኩል የሮላንድ መሥራች ኢኩታሮ ካኬሃሺ በዚሁ ጉዳይ ይደክም ነበር፤ ያማሃ፣ ኮርግና ካዋይም በሥራው ተሳተፉ። በጥር 1983 በካሊፎርኒያ በተካሄደው የሙዚቃ ዕቃ ነጋዴዎች ትርኢት ላይ የሁለቱ ኩባንያዎች ሲንተሳይዘሮች፣ ፕሮፌት 600 እና ጁፒተር 6፣ በገመድ ተገናኝተው አንዱ ሲነካ ሌላው ጮኸ። አስደናቂው ነገር ተፎካካሪዎቹ መግባቢያውን ያለ ክፍያ ለሁሉም መልቀቃቸው ነው። ዛሬ አንድ ወጣት በመኝታ ክፍሉ ውስጥ ሙዚቃ ማቀናበር የቻለው በከፊል በዚያ ልግስና ነው።

ልግስናው ግን ከነወሰኑ የተሰጠ ነበር። በገመዱ ውስጥ በሰከንድ 31,250 ቢት ብቻ ያልፋል፤ የአንድ ድምፅ መልእክት አንድ ሚሊ ሰከንድ ገደማ ይፈጃል። የቁልፎቹ መለያ ቁጥር ከ0 እስከ 127 ነው፤ የአመታቱ ፍጥነትም በዚያው ልክ ይለካል። ከሁሉ በላይ፣ መግባቢያውን የነደፉት ኪቦርድ ሠሪዎች በመሆናቸው፣ ድምፅን የተረዱት እንደሚከፈትና እንደሚዘጋ በር ነው። ይህን የወሰነው የዘመኑ መሣሪያ ዋጋና አቅም እንጂ ክፋት አልነበረም።

እዚህ ላይ የእኛ ጥያቄ ይነሳል። ክራር ተጫዋች ከመደርደሩ በፊት ይቃኛል። ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልንና አንቺ ሆዬን በአንድነት የምንጠራበት ቃልም ከዚሁ ከመቃኘት የመጣ ነው። ቅኝት ማለት የድምፆች ዝርዝር ብቻ ሳይሆን ተጫዋቹ በጆሮውና በጣቱ የሚፈጽመው ተግባር ነው። በኪቦርድ ላይ ግን ይህ ተግባር አስቀድሞ አልቆ ይመጣል፤ አንዱ ኦክቴቭ በ12 እኩል ርቀት ተከፍሏል። በማሲንቆ አንቺ ሆዬ ሲመታ ግን አንዳንዱ ድምፅ በሁለት ቁልፎች መካከል ያርፋል። እኔ ራሴ የአንድ ማሲንቆ ተጫዋች ቅጂ ከፍቼ ዜማውን በኪቦርድ ልከተለው ስሞክር፣ ትክክለኛውን ቁልፍ እየነካሁ ዜማው ሲያመልጠኝ አይቻለሁ።

ለዚህ ሁሉ ሚዲን መውቀስ ግን ታሪክን ማዛባት ይሆናል። ራስ ተፈሪ በ1924 ከኢየሩሳሌም ያመጧቸው አርባ አርመናውያን ልጆች የነሐስ መሣሪያ ይዘው ሲገቡ፣ የአውሮፓ የድምፅ አከፋፈል አብሯቸው ገብቷል፤ አኮርዲዮንና ፒያኖም በየበኩላቸው አስፋፍተውታል። ኃይሉ መርጊያ በ1985 ባወጣው የብቻ ሥራው አሮጌውን አኮርዲዮን ከሮድስ፣ ከሙግና ከያማሃ ዲኤክስ 7 ጋር አጣምሯል። ዲኤክስ 7 በ1983 የወጣ፣ 61 ቁልፎች ያሉትና ሚዲ የሚናገር መሣሪያ ነበር። ሙዚቃው ኢትዮጵያዊ ጠባዩን አለማጣቱ የሚያስተምረን ነገር አለ፤ የተቆለፈ መሣሪያም ቢሆን የሠለጠነ ጆሮ ሲያገኝ በጌጥ፣ በአጨዋወትና በዝምታ ይታዘዛል። የሚያሰጋኝ መሣሪያው ሳይሆን ከኪቦርድ በቀር ሌላ ነገር ሳይሰማ የሚያድግ ጆሮ ነው።

እንግዲህ ለተማሪዎቼ የምሰጠው ምክር ይህን ይመስላል። የቁልፍ ብዛት የመጀመሪያው መመዘኛ አይሁን፤ ለአንድ እጅ ዜማና ለከበሮ ምት 25 ይበቃል፣ በሁለት እጅ ለሚጫወት 49 ወይም 61 ይሻላል፣ 88ቱ የሚያስፈልገው ፒያኖ ለሚያጠና ነው። ይልቁንም አንዱን ቁልፍ በጣም በቀስታ፣ ቀጥሎ በኃይል እየመታችሁ ቁጥሩ በእኩል እርምጃ መውጣቱን በኮምፒውተሩ ላይ ተመልከቱ። ከዚያ የድምፅ ማጠፊያውን ጎማ ፈትኑ። ጎማው 16,384 እርከን እንዲኖረው መግባቢያው ይፈቅዳል፤ ነገር ግን የሚያጥፈው በአንድ ቻናል ያለውን ድምፅ ሁሉ በአንድነት ነው። ለብቸኛ የማሲንቆ ዜማ ይበቃል፤ ሌላ ድምፅ አብሮ ከተያዘ ግን እርሱንም ይዞት ይሄዳል።

ለዚህ ችግር መፍትሔ ተበጅቷል። በ2018 የጸደቀው ኤምፒኢ የተባለው አሠራር ለእያንዳንዱ ድምፅ የራሱን ቻናል ይሰጣል፤ በ2020 ይፋ የሆነው ሚዲ 2.0 ደግሞ የአመታቱን ፍጥነት ወደ 65,536 እርከን ከፍ አድርጎታል። ይሁን እንጂ ውድ ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት ሶፍትዌራችሁ ድምፆችን አንድ በአንድ ለመቃኘት ይፈቅድ እንደሆነ መርምሩ። የሚፈቅድ ከሆነ በርካሹ ኪቦርድም አንቺ ሆዬን በምትፈልጉት ልክ ማስቀመጥ ትችላላችሁ፤ ኪቦርዱ ቁጥር ላኪ ብቻ መሆኑ እዚህ ላይ ይጠቅመናል።

የታሪክ ተማሪ ስለ ማንኛውም መሣሪያ መጠየቅ ያለበት በውስጡ ማን ምን እንደወሰነ ነው። የ1983ቱ ሰዎች ገመዱን በነጻ ሰጡን፤ ቅኝቱን ግን ሊሰጡን አይችሉም ነበር፣ የእነርሱ አልነበረምና። ኪቦርዱን ግዙ፣ ሥሩበት፤ ነገር ግን ከጎኑ አንድ ክራር አስቀምጡ፣ ሥራ ከመጀመራችሁም በፊት ቃኙት። ያን ጊዜ ኪቦርዱ የት ላይ እንደሚያጥር የራሳችሁ ጆሮ ይነግራችኋል።